የአባባ ሳግራም ነጥቦች

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከሥራ ስንወጣ፣ ከኤርፖርቱ ወደ መኪና ማቆሚያችን በሚወስደን የሠራተኞች ባስ ላይ፣ ባሃ እጄን ያዝ አድርጋ «ዳይ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እንቢ ማለት ትችያለሽ» አለችኝ። እንቢ ማለት የማልችል ሰው መሆኔን እያወቀች! «ዳይ» በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ከተዋወቅን ጀምሮ ሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። እሷ ተርሚናል ዲ ሽቶ ትሸጣለች፣ እኔ እዚያው ዊልቸር የሚገፉትን ልጆች በየጌቱ አሰማራለሁ። ቤታችንም ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ዩለስ በምትባል ከተማ፣ አንድ ግቢ ነው፣ የእሷ ከላይ፣ የእኔ ከታች። ስትራመድ እሰማታለሁ። አንዳንዴ ስታለቅስም እሰማታለሁ፣ እሱን ግን ነግሬያት አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሃ ሳንታል ናት፤ ከህንድ፣ ኦዲሻ ከሚባለው ክፍለ አገር። ሳንታሊ የሚባል ቋንቋ አላቸው፣ የራሱ ፊደል ያለው። መጀመሪያ የነገረችኝ ቀን «እኛም የራሳችን ፊደል አለን!» ብዬ ባስ ውስጥ አቅፌያታለሁ። አባቷ፣ አባባ ሳግራም፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንደራቸውን የበዓል ዘፈን ሲሰበስቡ ኖረው አሁን በኮምፒውተር ጽፈው ጨረሱ። በመጋቢት የአበባ በዓላቸው ነው (የባሃም ስም ከዚያ ነው፣ አበባ ማለት ነው)፤ በየዓመቱ ዘፈኑን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሶ፣ ባሃ መጽሐፉን እዚህ አሳትማ ለበዓሉ ይዛላቸው ልትሄድ ነው። «ገጹን የሚያሰማምርልኝ ሰው ግን የለኝም» አለች።

ኧረ እኔ አለሁ! ለ«መንደርተኛ»፣ ለአበሻው መጽሔታችን፣ የሰው ወሬ መጻፍ ብቻ መሰላት እንዴ ሥራዬ? ገጹን ይሠራ የነበረው ስምዖን ዋይሊ የምትባል ከተማ ቤት ገዝቶ ከራቀን ወዲህ ገጹን የማቀናብረውም እኔው ነኝ።

ባሃ ያለችው ስልኳ ብቻ ስለሆነ አባትየው ፋይሉን በቀጥታ ለኔ ኢሜይል አደረጉት። ከፈትኩት። ፊደላቸው ክብ ክብ ያለ፣ የጆሮ ጌጥ የመሰለ ነው። ዓረፍተ ነገር የሚዘጉበትም የራሳቸው ምልክት ነው፣ ቀጥ ያለች ጭረት። እንደኛ አራት ነጥብ። የፈረንጅ ነጥብ አይፈልጉም። ወደድኳቸው።


ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

የገና ማግስት። ሆዴ ከብዶኛል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ግዛቸው ኮል እያደረገ ነፍሴን አወጣት፣ «የትሜ፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው፣ የትሜ፣ በማርያም!»

የሁሉም ጽሑፍ ዛሬ ገባ፣ እንደተለመደው ከነቆሻሻው። አንዱ ከአራት ነጥቡ ጎን የፈረንጅ ነጥብ ይደርባል፣ አንዱ በየቃሉ መሃል እንደ ጤፍ ይዘራዋል። ስምዖን ኮምፒውተሬ ላይ የተከለልኝ ጠራጊ ፕሮግራም ባይኖር ዓይኔ ጠፍቶ ነበር። አንድ ቁልፍ ነው የምጫነው፤ የፈረንጁን ነጥብ ሙልጭ አድርጎ ይወስድና የዓ.ም. ነጥቦችን ብቻ ይተዋል። ሁሉንም ጠረግኩ። የአባባ ሳግራምንም አብሬ ጨረስኩ። እንዴት ያለ ንጹሕ ገጽ ወጣው! ፕሪንት አድርጌ በባሃ በር ሥር ሸጎጥኩላት።

ደከመኝ።


ጥር 6፣ ረቡዕ

ባሃ ባስ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ወረቀቶቹ ጭኗ ላይ ናቸው።

«አልወደድሽውም?» አልኳት።

«ያምራል፣ ዳይ። በጣም ያምራል። ግን ባባ ነጥቦቹን ረስቷቸዋል።»

«የምን ነጥብ?»

በጣቷ አሳየችኝ። ከአንዳንድ ፊደል እግር ሥር፣ በስተቀኝ፣ መስመሩ ላይ የምትቀመጥ ነጥብ አለቻቸው። ጋህላ ቱዳግ ይሏታል። እሷ ስትኖር የአናባቢው ድምፅ ይለወጣል፤ ከሌለች ቃሉ ሌላ ይሆናል ወይም ምንም አይሆንም። «ዳይ ብዬ ስጠራሽ እንኳ አለችበት» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ አንድም የለችም። አገላበጥኩት፣ አንድም።

«አንድ ሁለት ቦታ ቢሆን ዓይኑ ደክሞ ነው እል ነበር» አለች። «ሁሉንም መርሳት ግን... ተማሪ ነጥብ ሲረሳ ጆሮ ሲቆነጥጥ የኖረ ሰው እኮ ነው። የእኔንም ጆሮ ቆንጥጧል።» ልትስቅ ሞከረች።

«አይዞሽ» አልኳት። «አይዞሽ»ን ከኔ ተምራለች፤ መልሳ «አይዞሽ» አለችኝ፣ እኔ ምን ሆኜ እንደሆነ እንጃ።

ምን ልበላት? ሰው ያረጃል። እናቴም መጨረሻዋ ላይ የኔን ስም ለእህቴ፣ የእህቴን ለኔ ትሰጥ ነበር። በዚያን ሰዓት ሌላ ነገር ወደ ሐሳቤ አልመጣም። እውነቴን ነው። ከባሱ ስወርድ ሆዴን ቆረጥ አደረገኝ፤ እሱ ቁርስ ስላልበላሁ ነው።


ጥር 10፣ እሑድ

ባሃ ቤት ወጣሁ። ከአባቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ አጠገቧ እንድሆን ፈልጋ ነው፤ ለብቻዋ ፈርታለች።

አባባ ሳግራም ቀጭን ሰው ናቸው፤ መነጽራቸው ወፍራም፣ አንገታቸው ላይ ቀይና ነጭ ፎጣ ጣል አድርገዋል። እኔን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ አሉ። እኔም ተነስቼ ጎንበስ አልኩ፤ ስልኩ ውስጥ አናቴ ብቻ ታይቶ መሰለኝ ሳቁ።

ከዚያ ባሃ ጠየቀቻቸው። ፊታቸው ሲለወጥ ቋንቋውን ሳላውቅ ገባኝ። እየቀነሰች ተረጎመችልኝ፤ መጀመሪያ «አስቀምጫቸዋለሁ» አሉ። ቀጥለው «ያስቀመጥኳቸው ይመስለኛል» አሉ። ከኋላቸው ወንድሟ ሱናራም ብቅ አለ። ጃምሼድፑር የሚባል ከተማ ነው የሚኖረው፣ ለእረፍት መጥቶ ነው። «ባለፈው ጊዜ በሩን ሳይዘጋ ሄዷል፣ አልነገርኳችሁም እንጂ» አለ። አባትየው ዞር ብለው አዩት። ፋይሉን ከላኩልኝ በኋላ የጻፉበትን ኮምፒውተር ለሱናራም ልጅ ሰጥተውት፣ ልጁ ለጌም ሲል ያለውን ሁሉ አጥፍቶታል። ኢሜይሉንም የላኩት ከሰው አድራሻ ነበር። ሶ፣ የጻፉትን ማየት አይችሉም።

ባሃ ወደኔ ዞረች። «ዳይ፣ አንቺ ጋ የላከው ላይም የለም፣ አይደል?»

«የመጣልኝ ይኸው ነው» አልኩ።

አላየሁም ነበር። ሳላይ ነው ያልኩት። ሳያዩ መናገርና መዋሸት አንድ አይደለም።


ጥር 16፣ ቅዳሜ

በረዶ። መንገዱ መስተዋት ሆኗል፣ በረራ ሁሉ ካንስል፣ ሥራ የለም። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ፊልም ያያል። እኔ ኢሜይሌን ከፈትኩ።

አሉ።

ሁሉም አሉ። በእያንዳንዱ መስመር፣ በየፊደሉ እግር ሥር፣ አንድ በአንድ፣ በአስተማሪ እጅ እንደተቀመጡ። ሰውዬው አንዲትም አልረሱ። በኪቦርዳቸው ላይ የጋህላ ቱዳግን ቦታ ስላላወቁ በፈረንጅ ነጥብ መትተዋታል፤ ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም። የኔ ጠራጊ ግን የፈረንጅ ነጥብ መሆኗን አውቋል። እሱ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።

ለነገሩ ጥር 6 ቀን ከባሱ ስወርድ ያወቅኩ ይመስለኛል። ቁርስ በልቼ ነበር።

ነገ እነግራታለሁ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ «ባሃዬ፣ ጠራጊው ነው የበላው፣ ይኸው ዋናው»። ትስቃለች። ሁላችንም እንስቃለን።


ጥር 17፣ እሑድ

መንገዱ ገና አልቀለጠም። ባሃ በደረጃው በቂጧ እየተንሸራተተች ወርዳ መጣች፤ ምስር በሩዝ ሠርታ፣ ያን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላ። «ሌሊቱን ሁሉ አሰብኩ» አለች። «ነጥቦቹን እኔ እመልሳቸዋለሁ። ዘፈኖቹን እየዘፈንኩ፣ በጆሮዬ። ዝም ብለሽ አጠገቤ ተቀመጪ፣ ሌላ አልጠይቅሽም። ባባ መርሳቱን ሰው እንዳያውቅበት።»

አፌን ከፈትኩ። «ምስሩ ጨው ያንሰዋል» አልኩ።

ጨውም አላነሰውም።


ጥር 24፣ እሑድ

ከሥራ መልስ እኔ ቤት እንቀመጣለን። እሷ በለሆሳስ ትዘፍናለች፣ ጣቷ መስመሩን ይከተላል፣ ድምፅዋ ሲለወጥ «እዚህ» ትላለች፣ እኔ ነጥቧን አስቀምጣለሁ። ስትዘፍን ሌላ ሰው ነው የምትሆነው። የሽቶ መደብሩ ፈገግታ የለም፤ ግንባሯ ተቋጥሮ፣ ስህተት እንዳይሰማ የሚጠብቅ አስተማሪ ትመስላለች። አባቷን።

አንዳንዱን የድሮ ቃል እሷም አታውቀውም። ያን ጊዜ አባቷ ጋ ትደውላለች። ባለፈው ሳምንት ቶሎ ይመልሱ ነበር። አሁን ያመነታሉ። «ነጥብ አላት» ይላሉ፤ ከዚያ «ቆይ»፤ ከዚያ «ሱናራምን ጠይቂው»። ሱናራም ደግሞ ከተማ የኖረ ነው፣ ምን ያውቃል!

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ለማንም አልናገርም። ስልኩን ስትዘጋ፣ ዓይኗ እንባ ሲያቀር፣ «እስቲ እዚህኛዋ ጋ ነጥብ ቢኖር?» አልኳት። በዜማው ሞከረችው። ፊቷ በራ። «ልክ ነው! ዳይ፣ እንዴት አወቅሽ?»

«ዓይኔ ለመደው መሰለኝ።»

ከዚያ በፊት ቡና ላፈላ ብዬ ኩሽና ገብቼ ስልኬ ላይ ዋናውን አይቼ ነው የተመለስኩት። ቡናውንም ረሳሁት። ደግሞም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ነጥቡ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው እኮ፣ ማለቴ መጽሐፉ አልተጎዳም። ማን ተጎዳ?


የካቲት 2፣ ሰኞ

ግዛቸው፣ «የትሜ፣ አንድ ገጽ ባዶ ቀርቶብኛል፣ የምታስለቅስ ነገር የለሽም? የሰርግ ወሬ ሰለቻቸው።»

አለኝ አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ባንድ ቁጭታ ወጣ። በሩቅ አገር የሚኖር አንድ አስተማሪ፣ ዕድሜ ሙሉ ሲያስተምር የኖረውን ነጥብ በመጨረሻ የረሳ፤ ልጁ በዘፈን እየፈለገች የምትመልስለት። ስም አልጠቀስኩም። ስጽፈው አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከልቤ ነው፤ ሐሰት ጽፎ ከልብ ማልቀስ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ላክሁት።


የካቲት 13፣ ዓርብ

መጽሔቱ ወጣ። ስልኬ አላረፈም። አበዛሽ፣ ዊልቸር ከሚገፉት ሁሉ ምላሷ የሰላው፣ ባሱ ውስጥ በሰው ፊት ግንባሬን ሳመችኝ። «ጎሽ የኔ እመቤት! አስለቀስሽን እኮ! እናቴን እንደዚሁ ነበር የጀመራት፣ በትንሽ ነገር። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ ስም። ከዚያማ ሰውዬው አለቀላቸው በይው።»

«አላለቀላቸውም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሰው ዞረ።

«ኧረ ምነው፣ ምን አልኩ? አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?»

ገጹን ለማስጌጥ ሁለት የሳንታሊ ፊደል አስገብቼ ነበር። ባሃ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ የኛ ልጅ አሳየቻት። ማታ መጽሔቱን ይዛ መጣች። «አንብቢልኝ።» እየተረጎምኩ አነበብኩላት፤ አንዳንዱን ዘለልኩ፣ አንዳንዱን አለሰለስኩ። ስጨርስ መጽሔቱን ከእጄ ወሰደች።

«ሳትጠይቂኝ ጻፍሽው።»

«ስም አልጠቀስኩም...»

«አይ፣ ጥሩ ነው» አለች። «በዚህ ከተማ ስለ ባባ ያለቀሰ ሰው የለም ብዬ ነበር።» አቅፋኝ ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ ሰማኋት።

ብትቆጣኝ ምን ነበረበት።


የካቲት 18፣ ረቡዕ

በብሬክ ሰዓት፣ መኪናዬ ውስጥ።

ሱናራም ወስኗል። ከበዓሉ በኋላ አባቱን ጃምሼድፑር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርትመንቱ ይወስዳቸዋል። ቤታቸው ይቆለፋል። ለመንደሩ አለቃም ነግሯል፤ ማንጂ ይሉታል። ማንጂውም የዘንድሮውን ዘፈን የሚያወጣ ሌላ ሰው መርጧል፣ ሰውዬው በሕዝብ ፊት እንዳይዋረዱ ብሎ። ለደግነት ነው ሁሉም የሚያደርገው። ሁሉም ደግ ነው።

«አባባስ ምን አሉ?» ብዬ ባሃን ጠየቅኳት።

«‹ትክክል ናችሁ› አለ። ተከራክሮ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲቀዳ ይዘፍን ነበር፤ አሁን ትቷል አለችኝ ጎረቤቱ። ቃሉን የሚሳሳት ስለሚመስለው።»

የብሬክ ሰዓቴ አለፈ። ጌት ላይ አንዲት አሮጊት ዊልቸር እየጠበቁ ነበር።


የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ሔራን ከሌዊስቪል መጣች። ልጄ ሐኪም ቤት የኮምፒውተር ክፍል ነው የምትሠራው፤ መጽሐፉን ለማተሚያ ቤቱ እንድታዘጋጅልኝ ለምኛት ነበር። ኩሽና ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ የጣድኩት ድስት ውስጥ እጨምራለሁ።

«ማሚ፣ ይሄ ነጥብ ሮንግ ነው» አለች። «የነሱ ማርክ የራሱ ኮድ አለው፣ ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደል ሁሉ ለኮምፒውተር የተመዘገበበት ዝርዝር ላይ። ከገባ ቆይቷል። አንቺ ፔሬድ፣ የፈረንጁን ነጥብ፣ ነው ያደረግሽው። ለዓይን ሴም ነው፣ ለኮምፒውተር ግን የቃሉ መጨረሻ ነው የሚመስለው። ሰርች ብታደርጊ ቃሉ አይመጣም።»

«አባትየውም እንደዚያ ነው የጻፉት» አልኩ።

«እንዴት አወቅሽ? ረሱ አላልሽም?»

ቢላው እጄ ላይ ቀረ። እሷ ግን ቀድማ ኢሜይሌን ከፍታለች፤ ዋናውን ፋይል ፈልጋ።

«ማሚ፣ ኮም ሂር። እዚህ ሁሉም አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ሲንስ ዌን?»

«በትክክለኛው ኮድ ቢጽፉት ኖሮ እኮ ጠራጊዬ አይነካውም ነበር» አልኩ። «አንቺው ነሽ ያልሽው። የሳቸውም ጥፋት አለበት ማለት ነው።»

አየችኝ። ትንሽ ልጅ ሆና ዕቃ ስትሰብር እኔ እንደማያት።

ከዚያ አንድ ነገር አለች፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። «ማሚ፣ ሶ ሰውዬው ደህና ናቸው። ዩ ኖው ዛት፣ ራይት? ደህና ናቸው። የሚያውቀው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

እስከዛሬ ስለራሴ ሳስብ ነው የከረምኩት፤ ባሃ ምን ትለኛለች፣ ሰው ምን ይለኛል። አንድ ደህና ሰው ታመሃል ተብሎ አምኖ ቁጭ ማለቱን በዚህ ቃል ለራሴ ተናግሬው አላውቅም። ሽንኩርቱ አረረ።


የካቲት 22፣ እሑድ

ነገርኳት። ቤት ውስጥ አልቻልኩም፤ ግሮሰሪ ገዝታ መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ ጠብቄ፣ እዚያው፣ ፌስታሉን እንደያዘች። ስለ ጠራጊው፣ ስለ ዋናው ፋይል። ቶሎ ቶሎ ተናገርኩ፣ እንዳልመለስ።

መጀመሪያ የሆነችውን አልረሳም። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አልረሳም» አለች። «ባባ አልረሳም። አልረሳም።» የደስታ ነው። ልታቅፈኝ ሁሉ እጇን ዘርግታ ነበር።

ከዚያ እጇ አየር ላይ ቆመ።

«መቼ አወቅሽ?»

«በረዶ የጣለ ጊዜ።»

«በረዶው ጊዜ ምስር ይዤልሽ መጣሁ።»

«አዎ።»

«ዋናው አንቺ ጋ እያለ ነው ከኔ ጋር ነጥብ ስትለቅሚ የከረምሽው?»

«አዎ።»

«ያ እየገመትሽ የነገርሽኝ...»

ፌስታሉን አየሁ።

«ገምተሽ አልነበረም» አለች፣ ለራሷ። ጎንበስ ብላ ፌስታሏን አነሳች። አንድ ብርቱካን ተንከባሎ እኔ መኪና ሥር ገባ። ላወጣላት ጎንበስ ስል «ተይው» አለችኝ። ደረጃውን ወጣች። እዚያ ገና ሊነጋ ሲል ነበር፤ ወዲያው ስትደውል ሰማሁ። ግድግዳው ቀጭን ነው። እያለቀሰች ታወራለች። ቃሉን አላውቀውም፤ «ባባ» የምትለውን ብቻ ለየሁ።


የካቲት 26፣ ሐሙስ

ባሃ ዛሬ በረረች። ልሸኛት ብል፣ የሚሸኘኝ ሌላ ሰው አለኝ አለች። መጽሐፉን ሔራን ጨርሳላታለች፤ ዋናውን ወስዳ እያንዳንዷን ነጥብ በራሷ ኮድ ተክታ። አሁን የማንም ጠራጊ አይነካትም።

ጠዋት መልእክት ትታልኝ ነበር። «ሱናራም አላመነም። አባቴን ለማጽናናት የፈጠርኩት መስሎታል። ባባም ለመንደሩ እኔ ብናገር አይበቃም ይላል። እኛ ዘንድ በሰው ፊት የተባለ ነገር የሚነሳው በሰው ፊት ነው፣ ያለውም ሰው ራሱ ነው የሚያነሳው። በበዓሉ ቀን ማንጂው ጋ ሕዝብ ሲሰበሰብ እደውልልሻለሁ። ታነሺዋለሽ?»

አነሳዋለሁ ብዬ ጻፍኩ።

ግዛቸው ጋ ደወልኩ። «የባለፈው ጽሑፌ ሐሰት ነው፣ ማስተካከያ ልጽፍ ነው።»

«የትሜ፣ አብደሻል? ሕዝብ አልቅሶበታል! የታለቀሰበት ነገር አይስተካከልም።»

«ግዛቸው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

የጠራጊውን ነገር አስረዳሁት። «ጠራጊው ስምዖን የሠራው አይደል?» አለ። «ለምን በሱ አናሳብብም?»

«እሱ ቁልፉን አልተጫነም። ዝምም አላለም።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ትንሽ ጥግ አለችኝ። አታስረዝሚው።»


መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ከሥራ በፊት፣ የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ፣ ሞተር አጥፍቼ። አውሮፕላን እላዬ ላይ ይነሳል። እዚያ እየመሸ ነው።

ስልኩ ጠራ። መጀመሪያ የታየኝ ዛፍ ነው፤ ሥሩ ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ ነጭ አበባ ሰክተዋል። ማንጂው ወንበር ላይ፣ ሱናራም አጠገቡ እጁን አጣጥፎ፣ አባባ ሳግራም ጥግ ላይ መሬት ተቀምጠዋል። ፎጣቸውን አወቅኳት።

«የትምወርቅ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለች ባሃ።

በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። እንደዚያ አጥርታ ልትለው እንደምትችል አላውቅም ነበር።

እሰማለሁ አልኩ። የምለውን በልቤ አጥንቼው ነበር፣ ጠፋኝ። አጭር አጭር አድርጌ ተናገርኩ፣ እሷ እየተረጎመች። «አባባ ሳግራም አንድም ነጥብ አልረሱም። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ፣ በራሴ ኮምፒውተር፣ ሳላውቅ።» ተረጎመች። ሕዝቡ አጉረመረመ። «ዋናው እኔ ጋ ነበር፣ አሁንም አለ።» ተረጎመች። «ካወቅኩ በኋላም ዝም አልኩ።»

እዚህ ላይ ቆመች። «የመጨረሻውን ድገሚው» አለችኝ።

«ካወቅኩ በኋላም ዝም አልኩ።»

ቀስ ብላ፣ ለኔ ቃል በቃል እንደመሰለኝ፣ ተረጎመችው። ሱናራም አቀርቅሯል። ማንጂው አንድ ነገር ጠየቀው፤ እሱም አንገቱን ሳያነሳ መለሰ። ከዚያ ተነስቶ አባቱን በክንዳቸው ደግፎ ሊያነሳቸው ጎንበስ ሲል፣ ሰውዬው እጁን ገፋ አድርገው ራሳቸው ተነሱ።

ወደ ስልኩ መጡ። ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ እኔም ሳልሸሽ አየኋቸው፣ ዕዳዬ እሱ ነበርና። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ሌላ ቋንቋ ስላልመጣልኝ። አንድ ነገር ተናገሩ። አጭር ናት፣ ሦስት አራት ቃል። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አሮጊቶቹ አፋቸውን በልብሳቸው ጫፍ ከለሉ፣ ማንጂው ጭኑን መታ፣ ሱናራም እንኳ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ባሃም። ከጥር ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«ምን አሉ?» አልኳት።

ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። አየችኝ። ልትነግረኝ አፏን የከፈተች መሰለኝ።

«ለኛ ነው ያለው» አለች።

ከኋላዋ ከበሮ ተመታ። አባባ ሳግራም ከመሃል ቆመው ዘፈኑን አወጡ፤ ድምፃቸው ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ግን የማያመነታ። ሁለተኛውን መስመር ሕዝቡ ተቀበላቸው። እዚያ ላይ ስልኩ ተዘጋ።

በብሬክ ሰዓቴ ማስተካከያዬን ለግዛቸው ላክሁለት። አሥር መስመር ናት። ወዲያው ደወለ። «ጥሩ ነው» አለ፣ «ግን መጨረሻው ጎደለ። ሰውዬው ምን አሉ? ያሏትን ነገር ካስገባንማ የወሩ ጽሑፍ ትሆን ነበር።»

«ለእኔ አልተነገረም» አልኩት።